ትንሿ የምሥራቅ ክፍል

ዶርትሙንድ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1976

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለባንግ ሱንሬ፤

በረዶው ቀልጦ አበባ በሚፈነዳበት በዚህ ወቅት ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኔ፣ ባለቤቴ ጆንግኢምና ሁለቱ ልጆች፣ አያቶቻችን ከላይ እየጠበቁን ደህና ነን።

አክስቴ፣ አንድ ትልቅ ነገር ልነግርዎት ነው። እንመለሳለን። ለጉብኝት አይደለም፣ ጠቅልለን ነው። መጀመሪያ ከመሬት በታች ከሰል ስቆፍር፣ በኋላም ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሥራ ስሠራ፣ በዓይኔ ላይ የሚዞረው ያ የአያቴ ቤት ነበር። የታክ ዘር የበኩር ልጅ በሰው አገር ኪራይ ቤት አያረጅም። ለሚመጣው የጨረቃ አዲስ ዓመት የአያቶቻችንን የመታሰቢያ ማዕድ በዚያው አዳራሽ እኔው ራሴ እዘረጋለሁ።

ቤቱ ግን እንደ ድሮው እንዲቆየኝ አልፈልግም። ንድፉን በእጄ ስዬ አብሬ ልኬያለሁ። ልጆቹ ወንበርና አልጋ ስለለመዱ በትልቁ ክፍል፣ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር፣ አልጋ ይቀመጣል። ግድግዳው ሁሉ በምልከው ባለጽጌረዳ ወረቀት ይለበጣል፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። በምሥራቅ በኩል ያለችው ትንሿ ክፍል መታጠቢያ ቤት ትሆናለች። ገንዳ አዝዣለሁ፣ የውኃ ፓምፕም እንዲሁ። ኦሳን መንደር ውስጥ የመጀመሪያው ይሆናል።

እርስዎ ከልጅዎ ከዶንግጂን ጋር ጓንግጁ ከተማ ከገቡ ወዲህ ቤቱን አልፎ አልፎ እየመጡ እንደሚያዩት ጽፈውልኝ ነበር። ልጅዎ ያን የመሰለ ዘመናዊ ቤት ገዝቶ «እናቴ ከእኔ ጋር ካልኖረች» ማለቱን ስሰማ ኮራሁ። እንደገና ወደ ገጠር ላመላልስዎት ነውና ይቅር ይበሉኝ። በዘራችን ግን እንደ እርስዎ ዓይን ያለው ሰው የለም። አናጢውን ፒዮንና ወረቀት ለጣፊዎቹን እርስዎ ካልተቆጣጠሩልኝ ማን ይቆጣጠርልኛል?

አክባሪ የባለቤትዎ የወንድም ልጅ፣
ታክ ኢንሶፕ


ኦሳን፣ ሚያዝያ 24 ቀን

ለልጄ ለኢንሶፕ፤

አያቶችህ መንገድህን ያቅኑልህ፤ ልጆችህም እንደ ቀርከሃ ቀጥ ብለው ይደጉልህ። መልሴ የዘገየው ንድፍህን ሳነብ ነው። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሜ። ጎረቤቴ፣ ከሱንቻን ተድራ የመጣችው የሱንቻንዋ እንኳ መጥታ አየችው፤ ገልብጣ ይዛ «ጥሩ የእርሻ ካርታ ነው» አለች። መመለስህን ስነግራት ግን እንባዋ መጣ። የእኔም መጣ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ዓይን አላት ካልክ እንግዲህ የዓይኗን ስማ። ሙሉ ግድግዳ ጽጌረዳ አይሆንም። ትልልቅ አበባ ትንሽ ክፍልን ይበላል፤ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ይመስላል። ከበሩ ትይዩ ባለው አንድ ግድግዳ ብቻ ይለጠፍ፣ ሌላው ነጭ ይሁን። የሚተርፈውን ወረቀት የቁም ሣጥኑን ውስጥ አለብሰዋለሁ፤ ሚስትህ በከፈተችው ቁጥር ፈገግ ትበል። ሥዕልና ሰዓት ስትሰቅሉ ደግሞ በቆመ ሰው ልክ አትስቀሉ። እኛ የምንኖረው ወለል ላይ ተቀምጠን ነው፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ላይ ነው ሚስማሩ የሚመታው። ከጣሪያው መሀል የሚንጠለጠለውን ረጅም መብራትም ተወው፤ የሰውን ፊት የታመመ ያስመስለዋል። ሁለት መብራት ይግባ፣ ዝቅ ብሎ፣ በሁለት ጥግ።

አልጋውን ያሰብክበት ቦታ አስቆኛል። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋር ያለው እኮ ሙቁ ጥግ ነው! የምድጃው እሳት ከወለሉ ሥር የሚገባው ከዚያ ነው። አያትህ እስኪያርፉ ድረስ የተቀመጡበት ቦታ ነው፤ አንተም ትኩሳት የያዘህ ጊዜ እዚያ ነው ያስተኙህ። እዚያ የቤቱ ታላቅ ይቀመጣል እንጂ ዕቃ አይቀመጥም። አልጋ ካላችሁ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሁን። የእንጨት ሣጥኑም እንደዚያው፣ ሙቀት እንጨት ያጣምማል።

ትንሿን የምሥራቅ ክፍል በተመለከተ ያልከው ይሆናል። ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ ብርሃኑ መጀመሪያ በመስኮቱ ላይ ከተወጠረው ወረቀት ታች ያርፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይመጣና ትራሱ ጋ ሲደርስ ሰው ይነሳል። ለመታጠቢያ ደግ ብርሃን ነው ለማለት ነው። አሁን ቤቱ ወና እንዳይሆን አንዲት አሮጊት ትተኛባታለች፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ። ስለ እሷ አታስብ። ኩሩ ናት፣ ውጪ ሳይሏት ትወጣለች።

ገንዘብ ልላክ ብለህ አትጻፍልኝ። ወረቀቱንና ሙጫውን የምትችል አክስት አለችህ።

አክስትህ ባንግ ሱንሬ


ዶርትሙንድ፣ ሰኔ 2 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

የሩዝ ችግኝ በሚተከልበት በዚህ የድካም ወቅት ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ደህና ነን፤ ዕቃ ማሸግ ጀምረናል።

ደብዳቤዎን ለጆንግኢም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሥዕል በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ይሰቀላል የሚለውን ስትሰማ ያለንበትን ቤት ዞር ዞር ብላ አየችና «ለካ አንገቴን የሚያመኝ ወድጄ አይደለም» አለች። ልክ ነዎት። ጽጌረዳው በአንድ ግድግዳ ይሁን። መብራቱም ሁለት ይሁን፤ ሽቦውን መጥቼ ራሴ እዘረጋዋለሁ፤ በዚህ ሥራ ማንም አይቀድመኝም።

አልጋው ግን ባልኩት ቦታ ይሁንልኝ። ልጆቼ ብርድ አይችሉም። የቤቱ በኩር እኔ ነኝና ሙቁን ጥግ ለልጆቼ ብሰጥ የሚቆጣ አይኖርም። መታጠቢያ ቤቱንም ከሁሉ አስቀድመው ያስጀምሩልኝ፤ የመንደሩ ሰው እስኪያየው ቸኩያለሁ።

ያቺን አሮጊት ቤቱን ስለጠበቀች ከልብ ያመስግኑልኝ። ከዕቃው ጋር አንድ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ልኬላታለሁ፤ ይስጧትና በክብር ትሸኝ። ለመሆኑ የምትሄድበት አላት?

ኢንሶፕ


ኦሳን፣ ነሐሴ 19 ቀን

ለልጄ ለኢንሶፕ፤

በዝናቡ ወራት ደብዳቤም እንደ ልብስ አይደርቅም፤ ስለዚህ ዘገየሁ። ሁላችሁም ደህና ሁኑልኝ።

አስቀድሜ ለጥያቄህ መልስ ልስጥ። የምትሄድበት አላት። ወልዳለች። ብርድ ልብሱን ግን አልወሰደችም፤ ለልጆችህ ለኤራንና ለሚራን ይሁን ብላለች።

ትንሿ ክፍል ፈርሳለች። አናጢው ፒዮ ወለሉን አንስቶ ከሥር ያሉትን ሰፋፊ ድንጋዮች አወጣ። አያትህ ከወንዝ ያስመጧቸው ናቸው፤ እሳት ስለበላቸው አንድ ጎናቸው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። በግቢው ግንብ ሥር አስደርድሬያቸዋለሁ። ድንጋይ አይጣልም። ገንዳህም ገብቷል፤ የመንደሩ ሕፃናት ጀልባ ነው ብለው ተከራከሩ።

ፒዮ ይህ ሲያልቅ ወዲያው የትልቁን ክፍል ወለል ወረቀት እንለጥፍ ብሎ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ? ከለከልኩት። እርጥብ ጭቃ ላይ የተለጠፈ ወረቀት እሳት ሲነድበት እንደ ቂጣ ያብጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። መጀመሪያ ጭቃው በዝግታ እሳት ይደርቃል። ከዚያ ስስ ወረቀት በላይ በላዩ ይለጠፋል፤ ከዚያ ወፍራሙ ዘይት የጠጣ ወረቀት፣ ጠርዝ በጠርዝ ተደርቦ። መጨረሻ ላይ የተፈጨ አኩሪ አተር ከዘይት ጋር በጨርቅ ከረጢት ይቋጠርና ወለሉ ይታሻል። ይደርቃል፣ እንደገና ይታሻል። ይህን ለማንም አልሰጥም። ጉልበቴን ቢያመኝም ተንበርክኬ ራሴ ነኝ የማሸው። ማር ሲመስል ያን ጊዜ አበቃ ማለት ነው። የአንተ ምንጣፍ ይህን ሸፍኖ ምን ሊያሳይ ነው?

አልጋውን ሙቁ ጥግ ላይ አላስቀምጥም። በኩር ነህ፣ መጥተህ በገዛ እጅህ አስቀምጠው።

አንድ ነገር ብቻ ላክልኝ፤ የልጆቹን ቁመት። በወረቀት ላይ አስተኝተሃቸው በእርሳስ ዙሪያቸውን አስምር። የኮት መስቀያው፣ መደርደሪያውና የበሩ እጀታ እጃቸው የሚደርስበት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ልጅ በቤቱ ውስጥ «አውርዱልኝ» እያለ ማደግ የለበትም።

አክስትህ


ዶርትሙንድ፣ መስከረም 9 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፤

የመኸሩ ጨረቃ እዚህም ሞልታ ወጥታለች፤ ጤናዎን እየተመኘሁ አየኋት።

የልጆቹን ቁመት ልኬያለሁ። ሚራን ዝም ብላ አልተኛ ስላለች አንድ እግሯ ወፍራም ሆኖ ወጥቷል፤ እንዳይደነግጡ። ወለሉን በእጅዎ ማሸትዎ ግን ከበደኝ። ሰው ይቅጠሩ። ክፍያውን ብልክ ይቆጡኛል ብዬ ነው እንጂ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እንገባለን።

ኢንሶፕ

አክስቴ፣ እኔ ጆንግኢም ነኝ፤ ከታች ቦታ ተርፎ ሳገኝ ነው። ከሠርጋችን በቀር አላየሁዎትም፣ ነገር ግን ደብዳቤዎችዎን ደብቄ ደጋግሜ አነባለሁ። ያቺ አሮጊት እንዴት ናት? እሷም ጉልበቷን ያማት ይሆን? በሄደችበትስ የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች?


ጓንግጁ፣ ኅዳር 15 ቀን

ለኢንሶፕና ለጆንግኢም፤

ቤታችሁ አልቋል። ሰማይ ይመስገን፤ አያቶችም ከፈለጉ ያመስግኑኝ።

ኢንሶፕ፣ አሁን ኩራቴን ቁጭ ብለህ ስማ። የትልቁ ክፍል ወለል ማር ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባበት ክፍሉ ከታች ወደ ላይ የሚበራ ይመስላል። አናጢው ፒዮ ጫማውን ብቻ አይደለም፣ ካልሲውንም አውልቆ ነው የገባው፤ ሃምሳ ቤት ሠርቻለሁ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም አለ። ፒዮ ደግሞ ሰው ለማመስገን አፉ የሚከፈት ሰው አይደለም። ጽጌረዳህ በአንዱ ግድግዳ ላይ ልዕልት መስላ ተቀምጣለች። የልጆቹ መስቀያ በልካቸው ነው፤ ለሚራን ወፍራም እግር ግን የሠራሁት ነገር የለም።

የበሮቹን ወረቀት በሙሉ ቀይሬያለሁ። ክፈፎቹን ወንዝ አውርደን አጠብን፣ አዲሱን ለጠፍን፣ ውኃ ረጨንበት፤ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ተወጠረ። እጀታው አጠገብ፣ እጅ በሚበዛበት ቦታ፣ የቀሉ የመኸር ቅጠሎች አድርጌ ሁለተኛ ወረቀት ደርቤበታለሁ። ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ ቶሎ እንዳይቀደድም ነው። ለልጆቹ በጣት መብሳት ክልክል መሆኑን ንገሩልኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል።

ጆንግኢም፣ አንቺ ነርስ ነሽና ስለ ጉልበት የጠየቅሽው ወግ ነው። አሮጊቷ ደህና ናት። ልጇ ቤት ናት። አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ቧንቧው ሙቅ ውኃ ይሰጣል፣ ምራቷ ጨዋ ናት፣ የሚጎድላት የለም። የመኝታዋ መስኮት ወደ ሰሜን ነው። በእንግዳ ክፍሉ የተለጠፈው የግድግዳ ወረቀት አንድ ጣት ያህል ተንጋዷል፤ ምራቷ ቅር እንዳይላት ብላ ዝም ብላለች። ለእሷ ዝምታ ቀላል ሥራ አይደለም።

ቁልፉ የሱንቻንዋ ዘንድ ነው። በዚህ ጊዜ ከተማውን ለምጄዋለሁ፣ የአውቶቡስ መንገድም ይደክመኛል፤ ስትገቡ አልገኝም። በሰላም ግቡ። ቤቱ የገባበትን ሰው ሁሉ ያክብር።

ባንግ ሱንሬ


ኦሳን፣ ጥር 20 ቀን 1977

ለተከበሩ አክስቴ፤

ይህን የምጽፍልዎ ከአያቴ አዳራሽ ነው። ብርዱ ጠንክሯል፤ ጤናዎ እንደምን ነው ብዬ ስጠይቅ ዘንድሮ ለወግ አይደለም።

ገባን። ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ጫማ አውልቁ ሳይባሉ አወለቁ። ጆንግኢም በወለሉ ላይ እጇን ዘርግታ ቆየች፤ ነርስ ስለሆነች ሰው ስትዳስስ አውቃታለሁ፣ ቤት ስትዳስስ ግን ማየቴ ነው። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ እንዳልኩት በገዛ እጄ ምንጣፉን ሙቁ ጥግ ላይ ዘረጋሁ፣ አልጋውንም ከላዩ አቆምኩ፣ ልጆቼ ይሙቃቸው ብዬ ምድጃውን በጥድ እንጨት ሞላሁት። የተቃጠለ ሱፍ ሽታ የቀሰቀሰው እኛን ብቻ አይደለም፣ የጎረቤትን ውሻ ጭምር ነው። የጀርመኑ ምንጣፍ መሀሉ ተቃጥሎ ቀዳዳ ሆኗል። የእርስዎ ወለል ትንሽ ጠየም አለ እንጂ ምንም አልሆነም። ይሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

በማግስቱ የሱንቻንዋ የሩዝ ቂጣ ይዛ መጣች። ዙሪያውን አየችና «ባለቤቷስ?» አለችኝ።

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንተማ ወራሹ ነህ። እኔ የጠየቅኩህ ባለቤቷን ነው። ቁልፉን ስትሰጠኝ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ሱንሬ የት አለች?»

ጓንግጁ ከገቡ ዓመታት እንዳለፉ ስነግራት ሴትዮዋ ተቀመጠች። ቀሪውን ከእሷ ሰማሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ባለቤትዎ አጎቴ ከሞቱ ጀምሮ ቤቱ ታድሶ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ቀን ከዚህ ቤት እንዳልወጡ። የዶንግጂን ቤት ተገዝቶ እንኳ የበኩሩ ቤት ምድጃ አይጠፋም ብለው እንደቀሩ፤ ለእኔ ግን ልጅዎ እንዳይታማ፣ እኔም እንዳላዝንልዎ፣ ከተማ ነኝ እያሉ እንደጻፉ። ትንሿ ክፍል ስትፈርስ የመጀመሪያውን ድንጋይ ማንም አስወጣት እንዳይል ራስዎ ተሸክመው እንዳወጡት። እኔ ከሩቅ አገር ሆኜ «በክብር ትሸኝ» ስል።

ለጆንግኢም ስነግራት አልደነገጠችም። ብርሃኑ ትራሱ ጋ ሲደርስ የሚለውን ካነበበች ጀምሮ ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «እሳቸው ያልተናገሩትን እኔ ልናገር? የታላቅ ሰው ኩራት እኮ የምራት መጫወቻ አይደለም» አለችኝ።

አክስቴ፣ አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ደግሞ ኮራሁ፣ የእርስዎ ዘመድ በመሆኔ። ስለዚህ ልመና አልጽፍልዎትም፤ የሠራሁትን ብቻ እነግርዎታለሁ። ገንዳውን ከፒዮ ጋር አውጥተን ከወጥ ቤቱ ጀርባ አስገብተነዋል። ሙቅ ውኃው ያለው እዚያ ነው፤ መጀመሪያም ማሰብ የነበረብኝ እንደዚያ ነበር። የአያቴን ድንጋዮች ወደ ትንሿ ክፍል መልሰናል፤ ጭቃውም በዝግታ እሳት እየደረቀ ነው። አልቸኮልኩም። ወረቀት ግን አልለጠፍንም። ፒዮ ልለጥፍ አለ፣ ከለከልኩት፤ በዚያ ክፍል የሌላ ሰው እጅ አይገባም።

አልጋው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ነው። ሙቁ ጥግ ባዶ ነው፤ ልጆቹ ለምን እንደሆነ ጠይቀውኝ የሚቀመጥበት ሰው አልመጣም ብያቸዋለሁ። ለአዲስ ዓመት ዋዜማ መኪና ተከራይቼ፣ ሁላችንም የክት ልብሳችንን ለብሰን፣ ጓንግጁ ድረስ መጥተን እንወስድዎታለን።

ኢንሶፕ


ጓንግጁ፣ የካቲት 4 ቀን

ለኢንሶፕ፤

ለሁላችሁም ጤና። ሳቅሁ፤ ምራቴ ምን ሆኑ ብላ እስክትመጣ ሳቅሁ። የዶርትሙንድ ባላባት የገዛ ምንጣፉን ጠበሰ። በዚያውም ልቤ ሞቅ ብሎ ስለነበር የግድግዳ ወረቀቷ መንጋደዱን ነገርኳት። ለካ እሷም ታውቃለች፤ እኔ ቅር እንዳይለኝ ብላ ዝም ብላ ነው። አርብ ዕለት አብረን ልጠን አቃናነው። ዶንግጂን ቅሬታ የለውም፤ ሻንጣዬን ራሱ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደልኝ፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። እሱንም ንቄው እንዳይመስለው እየመጣሁ አየዋለሁ።

አሁን በደንብ ስማ። ጭቃው መድረቁን እጅህን ሳይሆን ጉንጭህን አስጠግተህ እወቅ። የጥድ እንጨት አታንድድ፣ ጥላሸቱ መተላለፊያውን ይደፍናል። አኩሪ አተሩን ጆንግኢም ከአሁኑ ውኃ ውስጥ እንዳትነክረው፣ ስመጣ ይደርሳል። እሷም አጠገቤ ተንበርክካ ትማራለች። የመስኮቱን ወረቀት ልጆቹ ይለጥፋሉ፤ ቢጣመምም እኔ ነኝ የማየው። ቀን ቀን ከእናንተ ጋር ሙቁ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ደርሶኛልና። ሌሊት ግን በክፍሌ ነኝ።

ከተማውን ለምጄዋለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። አንድም ቀን አልለመድኩትም። ወለሉን ሳሽ ማንም ሳያየኝ አልቅሻለሁ፤ ወለሉ ይህን ያህል ያማረው በዘይቱ ብቻ እንዳይመስልህ። ይህን አንዴ ጻፍኩት፣ ሁለተኛ አታነሳብኝም።

መኪና አትከራይ። መኪና የሚላከው ለእንግዳ ነው። በዋዜማው በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ከመንገዱ ወደ ውስጥ ያለውን በእግሬ አውቀዋለሁ። ደጃፍ ወጥታችሁ ተሰልፋችሁ እንዳትጠብቁኝ፤ ሥራችሁን ሥሩ።

በሩንም እንዳትከፍቱልኝ። ራሴ ከፍቼ እገባለሁ።

ባንግ ሱንሬ